የሐምሌ ድሃ

በከተማችን ሰው የሚደኸየው ሐምሌ ላይ ነው። ሰኔ 30 ማታ «ሥራ እንዴት ነው?» ሲባል «ተመስገን፣ ይንቀሳቀሳል» ያለ ባለሱቅ፣ በማግስቱ ጃንጥላ ይዞ ግብር ሰልፍ ላይ ሲታይ «ገበያው ሞቷል» ይላል። ድህነቱም በደረጃ ነበር፦ ደረጃ ሐ ሐምሌን ብቻ፣ ደረጃ ለ እስከ ጳጉሜ፣ ደረጃ ሀ እስከ ጥቅምት 30። ገቢው ከፍ ያለ ሰው ደሃ ሆኖ የሚቆይበትም ጊዜ ይረዝምለታል ማለት ነው።

እኔ ልደታ ፍርድ ቤት አጠገብ ማመልከቻ እየጻፍኩ፣ ሰነድ እየተረጎምኩ የምኖር ሰው ነኝ። ፍርድ ቤቱ ከነሐሴ እስከ መስከረም መጨረሻ ለክረምት ሲዘጋ የእኔም እጅ አብሮ ይዘጋል። ስለዚህ ሐምሌ ላይ የግብር ቅሬታ ባይኖር ምን ይውጠኝ ነበር? በ2009 የቀን ገቢ ግምት ይፋ ሲሆን ከተማው ተንጫጫ፤ በመርካቶ ሳይቀር ሱቁን የዘጋ ነበር። የሰፈሬ ሰው ደግሞ «በቀን ይህን ያህል ትሸጣለህ» የተባለውን ወረቀት እያውለበለበ ወደ እኔ መጣ። ያን ክረምት በአንድ ገጽ ስንት እንባ እንደሚገባ ተማርኩ።

የራሴ ግብር ግን ቅሬታ አይጻፍበትም። ደመወዝተኛው ጎረቤቴ ግብሩን በዓይኑ አይቶት አያውቅም፤ መሥሪያ ቤቱ ቆርጦ ያስቀርለታል። ያላዩት ገንዘብ ደግሞ አይናፍቅም። እኔ ዓመቱን ሙሉ አብሬው ኖሬ ነው የምሸኘው። በፖስታ አድርጌ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጠዋለሁ፤ ባለቤቴ ታገኘዋለች።

«ይሄ የማን ነው?»

«የመንግሥት።»

«መንግሥት እስከ ሐምሌ አይፈልገውም፤ ፋሲካ ግን ነገ ነው።»

ለዚህ ክርክር እስካሁን መልስ የጻፈ ማመልከቻ ጸሐፊ የለም። ለእኔስ የሚያዝኑልኝ ሰነድ የምተረጉምላቸው ድርጅቶች ናቸው፤ ሲከፍሉኝ ለግብር ቀንሰው፣ የቀነሱበትን ደረሰኝ ይሰጡኛል። ቲን ለሌለው 30 በመቶ እንደሚቆረጥበት ካወቅኩ ወዲህ፣ ቲን ነምበሬን ከልጆቼ የልደት ቀን በተሻለ አስታውሳለሁ።

ሐምሌ 2017 የጸደቀው ማሻሻያ ደረጃ ሐን አስቀርቶ፣ በሀና በለ መካከል ያለውን ድንበር 2 ሚሊዮን ብር ላይ ተከለው። ድሮ 500 ሺህ ብር በር ላይ ሲደርስ በተአምር ቀጥ ይል የነበረው የሰፈራችን ሽያጭ፣ አሁን ወደ 2 ሚሊዮን ጠጋ ብሎ መቆሚያ ቦታ እየመረጠ ነው።

ባለፈው ደንበኛዬ የሆኑ አንድ ባለሱቅ አዛውንት መጡ።

«ልጄ፣ ጻፍ። ሽያጩ ለሱቅ ኪራይ እንኳ አልበቃም በል። ‹እንኳ› የምትለዋን አትርሳ።»

ጻፍኩ። ሳነብላቸው ራሳቸው አዘኑ። ከዚያ ከኮታቸው ኪስ ሌላ ወረቀት አወጡ። ውጭ አገር ያለችው ልጃቸው ልትጋብዛቸው ነው፤ ለኤምባሲው የሚቀርብ የገቢ መግለጫ በእንግሊዝኛ ይፈለጋል።

«ጋሼ፣ እዚህ ላይ ገቢዎን ምን ልበል?»

«እሱማ እንዳለ ነው!» አሉ ቆጣ ብለው። «እኔ የማንም እጅ የማላይ ሰው መሆኔን ይወቁ። አደራ ብቻ፣ ሁለቱ ወረቀት እንዳይቀላቀል።»

እኔ ጸሐፊ እንጂ ዳኛ አይደለሁም፤ ሁለቱንም አተምኩ። በአንድ ጠረጴዛ ላይ፣ በአንድ ስም፣ አንድ ደሃና አንድ ባለጸጋ ጎን ለጎን ተኙ።

«ስንት ነው?»

ነገርኳቸው።

«ያለ ደረሰኝስ?»

«ያው ነው ጋሼ።»

ቅር አላቸው። ትንሽ አሰቡና ፊታቸው በራ።

«እንግዲያው ቁረጠው። ከቪዛው ጋር አያይዘዋለሁ፤ ምን ያህል ገንዘብ እንደማወጣ ይዩ።»