የ3 በመቶው ችሮታ

ሕግ አክባሪነትን መማር የሚሻ ሁሉ ከአፕል ይማር። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2008 የመተግበሪያ ገበያውን አፕ ስቶርን ሲከፍት ከየሽያጩ 30 በመቶው ለእኔ፣ የቀረው ለአልሚው ብሎ ደነገገ። ባለርስት ከጭሰኛው ከሚወስደው ሲሶ ጥቂት ያንሳልና ቸርነቱ ከወዲሁ ይታወቅለት። የፎርትናይት ባለቤት ኤፒክ ጌምስ ይህን ውለታ ዘንግቶ በ2020 ተጫዋቾቹን በቀጥታ ማስከፈል ሲጀምር ጨዋታው ከገበያው ተባረረ፤ ኤፒክም ከሰሰ። ዳኛዋ ኢቮን ጎንዛሌዝ ሮጀርስ በ2021 በአብዛኛው ለአፕል ፈረዱለት፤ አንድ ነገር ግን አዘዙ፦ አልሚዎች ደንበኞቻቸውን ሌላ ቦታም መክፈል እንደሚቻል እንዳይነግሩ የሚከለክለው ደንብ ይነሣ።

ይግባኙ በጥር 2024 በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በር ላይ ሲያበቃ አፕል ታዘዘ። እንዴት ያለ መታዘዝ! አልሚው ወደ ድረ ገጹ የሚወስድ ሊንክ ማስቀመጥ ተፈቀደለት፤ ሊንኩን የነካ ደንበኛ በ7 ቀን ውስጥ ከገዛ ግን 27 በመቶው የአፕል ነበር። የተቀነሰችው 3 በመቶ ደግሞ ለካርድ ክፍያ አቀነባባሪዎች ከሚከፈለው ጋር ትቀራረባለች። ስለዚህ አልሚው ያገኘው ነፃነት ለዚያው ገንዘብ የበለጠ የመልፋት ነበር። ደንበኛው ጉዞውን እንዲያስብበትም ሊንኩን ሲነካ የማስጠንቀቂያ ገጽ ይደቀንበት ነበር፤ የገጹ ቃላት ይበልጥ እንዲያስፈሩ ሠራተኞች በውስጥ መልእክት መክረውበታል። በግንቦት 2024 ከ136 ሺህ ገደማ አልሚዎች 34ቱ ብቻ ለሊንኩ አመልክተው ነበር። ዳኛዋ ግን ይህን ሁሉ ትጋት አልወደዱትም። በሚያዝያ 2025 አፕል ሆን ብሎ ትእዛዛቸውን እንደጣሰ፣ አንድ የፋይናንስ ኃላፊውም በመሐላ እንደዋሸ ገልጸው ጉዳዩን ለዐቃቤ ሕግ መሩት። ታዛዥ እንዲህ ይከሰሳል?

ታዛዥነቱ ድንበር አያውቅም። ኮሚሽኑን ለኔዘርላንድስ የፍቅር ጓደኛ መፈለጊያ መተግበሪያዎች 27፣ ለኮሪያ 26 በመቶ አደረገ፤ ኮሪያውያን ተጨማሪዋን 1 በመቶ በምን እንዳገኙ የሚያውቅ ይንገረን። የአውሮፓ ኅብረት ሌሎች ገበያዎችም ይከፈቱ ሲል ከፈተ፤ ግን ባወጣው አዲስ ውል የገባ አልሚ መተግበሪያው በዓመት ከ1 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ከተጫነ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ጭነት 50 ሳንቲም ዩሮ እንዲከፍል ደንግጎ ነበር፤ ከአፕ ስቶር ውጭ ቢጫንም። ከገበያው የማይገዛ ሰው ለገበያው የሚከፍለው ቀረጥ መሆኑ ነው።

ገንዘቡ ለደኅንነት ጥበቃና ለመሣሪያዎቹ ነው የሚሉ አሉ። መልካም። የኡበር መኪና የሚጠራ ሰው ከሚከፍለው ሒሳብ አፕል ኮሚሽን አይወስድም፤ በስልኩ ቋንቋ ከሚማረው ግን እስከ 30 በመቶ ይወስዳል። እንግዲህ ቫይረስ የሚወደው ታክሲ ሳይሆን ትምህርት ነው ማለት ነው። እርግጥ ከ2021 ጀምሮ በዓመት ከ1 ሚሊዮን ዶላር በታች የሚያገኙ 15 በመቶ ብቻ እንዲከፍሉ ተፈቅዷል፤ ይህ እውነተኛ ቅናሽ ነው፤ የመጣው ግን ክሱ ከተጀመረ በኋላ ነው። ያልተስማማው ወደ ሌላ ይሂድ የሚሉም አሉ። ሌላው ጉግል ነው፤ እሱንም በታኅሣሥ 2023 የሳን ፍራንሲስኮ ዳኞች ሸንጎ በሕገወጥ ሞኖፖሊ ጥፋተኛ ብሎታል። በነገራችን ላይ፣ የአፕሉ ኃላፊ ፊል ሺለር በ2011 በጻፉት ኢሜይል የአፕ ስቶር ትርፍ በዓመት 1 ቢሊዮን ዶላር ሲደርስ ድርሻው ወደ 25 ወይም 20 በመቶ ይውረድ ይሆን ብለው ጠይቀው ነበር። ቢያንስ እሳቸውን የደኅንነት ስጋት ናቸው የሚል አይኖርም።