ትምህርት ቤቱ የእንግሊዝ፣ ክፍያው የአንተ

ዱባይ ሥራ ያገኘ ሰው ገና ቪዛው ሳይመታ ያስታውቃል። ብርን በሩቁ ሰላም ማለት ይጀምራል። «ደመወዜ በድርሃም ነው» ይልሃል አንገቱን ሰበቅ አድርጎ። እሰየው! የልጆችህ ክፍያስ በምን ሊሆን ኖሯል፣ በአሞሌ ጨው?

«ዱባይ እኮ የደመወዝ ግብር የለም!» እውነት ነው፣ የለም። ግብር ሰብሳቢው ሥራ ቀይሮ የልጅህ ትምህርት ቤት በር ላይ ቆሟል።

«የመንግሥት ትምህርት ቤት አስገባቸዋለሁ።» ወንድሜ፣ የመንግሥቱ ትምህርት ቤት በዋናነት የአገሬው ዜጋ ነው፤ የልጆችህ ዐረብኛ ደግሞ «ሐቢቢ» ብሎ ይጀምርና እዚያው ያልቃል። ስለዚህ እንደ መጤው ሁሉ ወደ ግል ትምህርት ቤት ትሄዳለህ። እዚያ ምርጫ ሞልቷል። በሕንድ ሥርዓተ ትምህርት ከሚያስተምሩት መካከል በዓመት ከ10,000 ድርሃም በታች የሚጠይቁ አሉ። በእንግሊዙ፣ በአሜሪካውና አይቢ በሚባለው ዓለም አቀፍ ሥርዓት ከሚያስተምሩት መካከል ደግሞ በላይኛው ክፍል ከ100,000 ድርሃም የሚያልፉ አሉ።

ሰውዬው ግን ስለ ሕንዶቹ ያልኩትን መስማት አልፈለገም። «ሕንድ ትምህርት ቤት? የእኔ ልጅ?» አዎ፣ የአንተ ልጅ! አባትህን ሒሳብ ያስተማረው ማን ሆነና? በጃንሆይ ዘመን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችንን የሞሏቸው የሕንድ መምህራን አልነበሩም? አባትህ የተማረውን ያንኑ ሒሳብ አሁን የለንደን ዘዬ አስጨምረህ በአሥር እጥፍ ልትገዛው ነው። (በርግጥ የሕንዶቹ ዓመት የሚጀምረው በመጋቢት መጨረሻ ነው። በነሐሴ ሻንጣህን ጎትተህ ብትደርስ ልጅህ የሚገባው ክፍሉ ጥቂት ወራት ከሄደ በኋላ ነው። ይህንንም ሳትጠይቅ አትነሣ።)

«አንተ ልጅ የለህ፣ ምን አገባህ?» አለኝ አንዱ። ለዚህ አይደል እንዴ ገንዘብ የተረፈኝ!

ወደ ሒሳቡ እንግባ። በኤምሬትስ ደንብ ቤተሰብ ለማስመጣት 4,000 ድርሃም ደመወዝ፣ ወይም ቀጣሪህ ቤት ከሰጠህ 3,000 ድርሃም ይበቃሃል። ብዙ ሰው ይህችን አንብቦ ነው «ተፈቀደልኝ» ብሎ እልል የሚለው። የተፈቀደልህ ማስመጣት ነው፣ ጌታዬ፤ ማስተማር አይደለም። 4,000 በ12 ወር 48,000 ነው። መካከለኛ የምትለው ትምህርት ቤት ለአንድ ልጅ 40,000 ቢልህ በተረፈችው 8,000 ቤት ተከራይተህ፣ በልተህ፣ ለብሰህ፣ እናትህ ዘንድም ልከህ ዓመቱን ትዘልቃለህ። ሁለተኛው ልጅ መስኮት ላይ ቆሞ ወንድሙ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ይቀበላል።

ባለቤቱ ከእሱ ትሻላለች። «እኔ ክፍያውን አይቻለሁ፣ 40,000 ነው፤ ለሁለቱ 80,000» አለችኝ፣ ቁርጥ አድርጋ። እትዬ፣ ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው! ያየሽው የማስተማሪያውን ብቻ ነው። ለማመልከቻ እስከ 500 ድርሃም አለ። ቦታ ለመያዝ ከዓመቱ ክፍያ እስከ 10 በመቶ ይጠየቃል፤ እሱ ከመጀመሪያው ተርም ላይ ይታሰብልሻል፣ ሐሳብሽን ብትቀይሪ ግን ደህና ሰንብች ነው። ከዚያ አውቶቡስ አለ። ከዚያ ምሳ። ከዚያ መጽሐፍና ታብሌት። ከፍ ሲሉ ደግሞ የፈተና ክፍያ ለብቻው ይመጣል። የደንብ ልብሱማ ራሱን የቻለ ጉድ ነው፦ ያቺው ነጭ ቲሸርት አርማ ሲለጠፍባት ዋጋዋ እንደ ሙሽራ ልብስ ይሰቀላል፣ በዚያ ላይ 5 በመቶ ቫት አለባት። በማስተማሪያ ክፍያው ላይ ቫት የለም፤ በቲሸርቷ ላይ ግን አለ። መንግሥት እውቀትን ምሮ ካልሲን ቀረጠ።

«አውቶቡሱን ትቼ እኔው አደርሳቸዋለሁ» ይላል ባል። አድርስ! ቤት ርካሽ ነው ብለህ ጎረቤት ሻርጃ ተከራይተህ፣ ትምህርት ቤቱ ዱባይ፣ መንገዱ የጠዋት ጥድፊያ። ሳሊክ የሚሉት የመንገድ ክፍያ በር በጥድፊያ ሰዓት ባለፍክ ቁጥር 6 ድርሃም ይነጥቅሃል። አለቃህ ደግሞ ከልጆችህ ጋር አብረህ መዘግየትህን አይቆጥርልህም።

ሌላም አለ። የዘንድሮን ክፍያ በስድስት ዓመት አባዝቶ «ጨረስኩ» የሚል አባት አለ። ልጁ አድጎ ሱሪው ሲያጥር ክፍያው ይረዝማል፤ ክፍል በጨመረ ቁጥር ዋጋው ይወጣል። በዚያ ላይ የዱባይ የእውቀትና የሰው ሀብት ልማት ባለሥልጣን፣ ነዋሪው ኬኤችዲኤ የሚለው፣ ለትምህርት ቤቶቹ የጭማሪ ጣሪያ ያወጣል፦ እ.ኤ.አ. ለ2024/25 የትምህርት ዘመን የቁጥጥር ደረጃው ላልተለወጠ ትምህርት ቤት 2.6 በመቶ፣ ለ2025/26 ደግሞ 2.35 በመቶ ነበር። ትንሽ ትመስላለች። 80,000 ላይ ስትወጣ የአንድ ወር አስቤዛ ይዛ ትወርዳለች። ይኸው መሥሪያ ቤት ግን አንድ ደግ ሥራ ሠርቷል፤ የየትምህርት ቤቱን ክፍያ፣ ግዴታውንም ውዴታውንም፣ በመግለጫ ወረቀት ያወጣል። ጎረቤትህን ከመጠየቅህ በፊት እሱን አንብብ። ጎረቤትህ የሚነግርህ የከፈለውን አይደለም፤ ከፈለ እንዲባልለት የሚፈልገውን ነው።

«ግድ የለም፣ የአዲስ አበባውን ቤቴን አከራይቼ እሞላዋለሁ።» ይህን ያለኝን ሰው አቅፌ ላለቅስ ምንም አልቀረኝ። ድርሃም እ.ኤ.አ. ከ1997 ወዲህ በዶላር 3.6725 ላይ ተቸንክሮ ንቅንቅ አላለም። ብራችን ደግሞ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ገመዷ ተፈትቶ ተለቀቀች። ዶላር በ57 ብር ሳለ አንድ ድርሃም 15 ብር ተኩል ያህል ነበር፤ ዶላሩ 130ን ካለፈ ወዲህ ከ35 ብር በላይ ነው። ያ 80,000 ድርሃም ከ2 ሚሊዮን 800 ሺህ ብር በላይ ሆነ ማለት ነው። ተከራይህስ በእጥፍ ጨመረልህ? የኪራይ ጭማሪ እንደሆነ በዚያው በ2016 በአዋጅ ልጓም ገብቶለታል። የቀረህ ተከራይህን ዱባይ ወስደህ እሱንም ማሠራት ነው።

በመጨረሻ የሚመጣው መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው። «ኩባንያው ይከፍላል!» ማን አለህ? «ቃለ መጠይቁ ላይ ሴትየዋ ፈገግ አለች።» ፈገግታዋን ለገንዘብ ያዡ አሳየውና ደረሰኝ ይቁረጥልህ! የኤምሬትስ የሥራ ሕግ ቀጣሪን የሠራተኛህን ልጅ አስተምር ብሎ አያስገድድም። የሚያስገድደው ውልህ ነው፤ እሱም ከተጻፈበት። ደግሞ ሥራው አልሆን ብሎህ በተርሙ አጋማሽ ብትመለስ ልጁ ከአንድ ወር በላይ ተምሮ ከሆነ የዚያ ተርም ክፍያ እዚያው ይቀራል። አንተ ቦሌ ስትገባ ገንዘብህ ዱባይ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ይማራል።

ስለዚህ ፊርማህን ያላሳረፍክ አንባቢ፣ ዛሬውኑ ለቀጣሪህ ጻፍ። ለአንድ ልጅ በዓመት ስንት ነው? እስከ ስንት ልጅ? የማስተማሪያውን ብቻ ነው ወይስ አውቶቡሱንና የፈተናውንም? በየዓመቱ ከጭማሪው ጋር ይጨምራል? ሥራው ቢቋረጥ የተርሙን ማን ይችላል? መልሱ በውሉ ላይ በጽሑፍ ሳይሰፍር የልጆቹን ትኬት አትቁረጥ።