እዚያ ማን አለህ?

“ባሌ ልሄድ አስቤያለሁ” ብላችሁ ለሰው ተናገሩ እስቲ። ኮልፌም ሁኑ ቦሌ መልሱ አንድ ነው፤ “እዚያ ማን አለህ?” ማንም የለኝም ካላችሁ ጠያቂው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያዝንላችኋል። እኔን ይህ ጥያቄ ከክረምቱ መግቢያ ጀምሮ ሰላም ነስቶኛል። ቀብር ካልሆነ፣ ሠርግ ካልሆነ፣ ክርስትና ካልሆነ፣ ቢበዛ ቢበዛ ቁልቢ ወይም ግሸን ካልሆነ ሰው ከቤቱ ምን ያወጣዋል? እኔ የምሄደው ቀይ ቀበሮ ለማየት ነው። ከቀይ ቀበሮ ጋር ደግሞ ዝምድና የለኝም።

ነገሩን ያመጣብን የባለቤቴ ወንድም ነው። ኮሎራዶ ነው የሚኖረው። ባለፈው ዓመት አልጋውም፣ ምድጃውም፣ መጸዳጃውም ውስጡ ያለ መኪና ተከራይቶ፣ ልጆቹን ጭኖ፣ የሎውስቶን ነው ምን ነው እያለ የአሜሪካን ብሔራዊ ፓርኮች ሲዞር ከረመ። የሎውስቶን እ.ኤ.አ. በ1872 የተከለለ፣ በዓለም የመጀመሪያው የሚባል ፓርክ ነው። ሰውዬው በየቀኑ በሚልከው ፎቶ ላይ በቁምጣ ሆኖ፣ ቤቱን እየነዳ ይስቃል። አማቴ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አይተው ሲጨርሱ፣ “ምነው ልጄን፣ ቤት ኪራይ ተወደደበት እንዴ?” አሉ።

እኛስ ምን ጎደለን አልኩ። አየር ጤና ሃይሩፍ ሚኒባስ ያለው ወዳጅ አለኝ። የኋላ ወንበሮቹን እንፈታለን፣ ፍራሽ እናነጥፋለን፣ ትንሽ ቡታጋዝና ውሃ በጀሪካን እንይዛለን፤ አለቀ። መንገዱን በልጄ ደብተር ላይ ነደፍኩት። መጀመሪያ አዋሽ፤ ሳላ እያዩ መዋል፣ የፏፏቴውን ድምፅ እየሰሙ ማደር። ወደ ሞጆ ተመልሶ ወደ ደቡብ ሲወረድ አብያታ ሻላ። ከሻሸመኔ ወደ ምሥራቅ ታጥፎ ዶዶላ፣ ዲንሾ፣ ጎባ፣ ከዚያ የሳነቴ አምባ፤ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለ ሜዳ ላይ ቀይ ቀበሮ ፍልፈል ሲያድን ማየት። እዚያው ያለው ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው። ሚኒባሱ ይወጣዋል ወይ ብዬ ባለቤቱን ብጠይቀው፣ “እንጦጦን ወጥቶ ያውቃል” አለኝ። ከባሌ መልስ በሶዶ አድርጎ አርባ ምንጭ፣ ነጭ ሳር። ወደ ቤት ደግሞ በሆሳዕናና በቡታጅራ፤ ዓለም ገና ላይ ከወጣን አየር ጤና ደረስን ማለት ነው። እንደ ሥዕል የሚያምር መንገድ ነበር።

ሚኒባሱ ሁላችንን ስለማያስተኛ ድንኳን አስፈለገ። በሰፈራችን ድንኳን ያለው እድሩ ብቻ ነው። የእድሩ ዳኛ ቤት ሄጄ ድንኳን እንደምፈልግ ስነግራቸው ብድግ አሉ፤ ጋቢያቸውን እያስተካከሉ፣ “ማን ነው?” አሉኝ።

“ማንም አልሞተም ጋሼ። ለሽርሽር ነው፤ አዋሽ ወስደን ልንተክለው።”

ቁጭ አሉ። ጥሩምባ ነፊው እንዳይነሳ በእጃቸው ምልክት ሰጡ። ቆይተውም፣ “ስማኝ ልጄ” አሉ፣ “ይህ ድንኳን ሜዳ ላይ ከተተከለ አላፊ አግዳሚው ወርዶ ‘እግዜር ያጥናችሁ’ ሳይል አያልፍም። ለዚያ ሁሉ ሰው ንፍሮውን ከየት ታመጣለህ?”

መልስ አልነበረኝም። ወሬውም ከዚያ ቤት ወጣ። ባለቤቴ፣ “አዳማ ላይ አክስቴ እያለች መኪና ውስጥ? ብትሰማስ?” አለች። አዳማ መቶ ኪሎ ሜትር ነው፤ ቁርስ ቤት በልቶ ሻይ የሚጠጣበት ርቀት። አክስት ግን በግ ያርዳሉ። በግ የታረደለት ሰው በማግስቱ ተነሥቶ አይሄድም፤ ጎረቤትም በተራው ይጠራዋል። ስለዚህ አዋሽ ቀረ። ሻሸመኔ የአማቴ የክርስትና ልጅ ተገኘች፤ ሻላም ቀረ። ጎባ የእድሩ ፀሐፊ በውትድርና የሚያውቋቸው ሰው አሉ፤ “ሳታድሩ ብታልፉ ይቀየሙኛል” አሉ። እኔ ሰውየውን አላውቃቸውም። ፀሐፊውም ካዩዋቸው ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። እንዲህ እያለ የፓርኮቼ ዝርዝር የግቢዎች ዝርዝር ሆኖ አረፈው።

የሚገርመኝ ይህን ሁሉ “የአገራችን ወግ ነው” እያሉ መናገራቸው ነው። የአገራችን ወግማ ድንኳን ነበር! ፋሲለደስ እ.ኤ.አ. በ1636 ጎንደርን እስኪቆረቁሩ ድረስ ለስንት ዘመን ቤተ መንግሥቱ ሲዞር የኖረ ነው። በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የልብነ ድንግልን ሰፈር አይቶ ጽፏል። ንጉሡ ከነቤተ ክርስቲያናቸው፣ ከነወጥ ቤታቸው፣ ከነገበያቸው ነበር የሚጓዙት። የትም ቢሰፍሩ ድንኳኑ የሚተከለው በዚያው በተለመደው ሥርዓት ስለሆነ ሁሉም የራሱን ቦታና የጎረቤቱን ደጅ ያውቃል፤ አገር ይቀየራል እንጂ ሰፈር አይቀየርም። አራት በሰንሰለት የታሰሩ አንበሶችም አይቷል። እኔ አንድ ሳላ ለማየት ነዳጅ ስቆጥር፣ ልብነ ድንግል አንበሳውን እደጃቸው አስረውት ነበር። እሳቸውን “እዚያ ማን አለህ?” ብሎ የጠየቀ የለም፤ ያላቸውን ሰው ሁሉ ይዘውት ነበራ የሚሄዱት። ያረፉበት አገር ገበሬ ግን የበግ ነገር አስጨንቆት እንደሚያድር እገምታለሁ።

ታዲያ ማን አስቆመን? ባሕር ዛፍ። ምኒልክም ከአንኮበር እንጦጦ፣ ከእንጦጦ አዲስ አበባ ሲሉ ቆይተው፣ የማገዶው ነገር ሲከፋ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ወደ ምዕራብ፣ አዲስ ዓለም ለመዛወር ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር። በኋላ በፍጥነት የሚያድገው ባሕር ዛፍ የማገዶውን ችግር አቃለለና ከተማው በያዘው ቦታ ረጋ። የአዲስ ዓለሙም ሕንፃ ቤተ ክርስቲያን ሆነ። እኔ ደግሞ በየቀኑ በኮልፌ አጠና ተራ አልፋለሁ። ያ ሁሉ ባሕር ዛፍ በየመጠኑ ተቆርጦ፣ ግድግዳ ላይ ተደግፎ ቆሟል። አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ ለአንዱ ነጋዴ፣ “እናንተ ናችሁ ይህን ሕዝብ ቁጭ ያደረጋችሁት” አልኩት። “አጥር ነው ጣሪያ?” አለኝ።

በጎማ የቆመ ቤት አገራችን ሳይገባም አልቀረ። አዋሽ ፓርክ ውስጥ፣ ከገደሉ አፋፍ ላይ፣ ከረዩ ሎጅ ለብዙ ዘመን እንግዳ ያሳድር የነበረው በካራቫን ነው። ካራቫኖቹ ግን የትም አይሄዱም ነበር። አንድ ቦታ ቆመው እንግዳ ይቀበሉ ነበር። እኛ ዘንድ ሲመጣ ቤት የተጫነበት ጎማ እንኳ እንደ አዳማዋ አክስት ይሆናል።

አማቴ አንድ ቀን ደብተሩን ገለጥ አድርገው፣ “ነጭ ሳር ደግሞ ምን አለ?” አሉኝ። ደስ አለኝ፤ ማን ሳይሆን ምን ብለው የጠየቁ እሳቸው ብቻ ናቸው።

“አንድ ወፍ አለ እማዬ። እ.ኤ.አ. በ1990 ከእንግሊዝ የመጡ ተመራማሪዎች መንገድ ላይ ሞቶ አገኙት። የተረፈው አንድ ክንፍ ነው። በዚያ ክንፍ ብቻ አዲስ ዝርያ መሆኑ ታውቆ በ1995 ስም ወጣለት።”

“ሌላውስ?”

“ሌላ በእጅ የያዘ የለም።”

“እና አንተ ክንፉን ልታይ ነው?”

“ክንፉማ እንግሊዝ አገር ሙዚየም ውስጥ ነው።”

አማቴ ደብተሩን ከድነው ለልጄ መለሱለት። የቤት ሥራውን እንዲሠራበት ነገሩት።

ደብተሩ ላይ ሰሜን ተራሮች እንደሌለ ያስተዋለ ይኖራል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1978 በመጀመሪያው የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ያሰፈረው፣ በ1996 አደጋ ላይ ነው ብሎ፣ በ2017 ደግሞ ተርፏል ብሎ የጻፈለት ቦታ ነው። ዋልያ ከዚያ በቀር በዓለም ላይ የትም በዱር አይኖርም። ልጄ ዋልያን የሚያውቀው በብሔራዊ ቡድኑ ስም ነው። ደባርቅ ልውሰድህ ልለው አልቻልኩም። ድሮ መንገደኛ “አስፋልት ነው ወይ?” ነበር የሚጠይቀው፤ ዛሬ “ሰላም ነው ወይ?” ይላል፤ ሾፌሩም “ዛሬ ይኬዳል፣ የነገውን አላውቅም” ይለዋል። ይህን ስንሰማ እንደ አየር ጠባይ ዜና ራሳችንን ነቅነቅ አድርገን ማለፋችን ያናድደኛል። ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን ሌላ ነው። “እዚያ ማን አለህ?” የሚለው የእናቶች ጥያቄ መንገድ ላይ፣ ገመድ የተዘረጋበት ቦታ ሲደርስ፣ “አንተ የማን ነህ?” ይሆናል። ጋሻ የሚሆነው ዘመድ እንጂ መታወቂያ አይደለም። ሰው በገዛ አገሩ ቀበሮና ዋልያ ሊያይ ሲወጣ የአያቱን ስም አብሮ ማሰብ አለበት? ፓርክ የተከለለው ለእንስሳቱ ነበር፤ አሁን የተከለልነው እኛ ነን።

ይህን ጮክ ብዬ ሳይሆን አይቀርም ያልኩት፤ ባለቤቴ ጀበናውን አስቀምጣ አየችኝ። “እሺ፣ አትቆጣ። ባሌ እንሄዳለን። ስንቁስ?”

ስንቁ ተጀመረ። አማቴ በሶ አስፈጩ። ድርቆሽ ተሰጣ። ቆሎ ተቆላ፣ ጭኮ በሁለት ዕቃ መጣ። ለጎባው ሰውዬ ባዶ እጅ አይኬድም ተብሎ ቡናና ስኳር ተጨመረ፤ የአዳማዋ አክስት በርበሬ ላኩልኝ ብለዋል፤ የአማቴ የክርስትና ልጅ ምን እንደምትወድ ገና እየተጠየቀ ነው። ረከቦቱ ከፊት፣ ከሾፌሩ አጠገብ እንዲሆን ተወስኗል፤ እንዳይሰበር። ሚኒባሱን ባለፈው እሑድ ለሙከራ ስንጭነው ፍራሹ የሚነጠፍበት ቦታ ጠፋ።

የሚኒባሱ ባለቤት ለስንቁ ብቻ የሚሆን አይሱዙ ያለው ሰው አውቃለሁ ብሏል፤ ዋጋውን ጠይቆ ቅዳሜ ያሳውቀናል። ልጄ አይሱዙው ላይ፣ ከበሶው ጆንያ ላይ ካልሆነ አልሄድም ብሎ ከወዲሁ አኩርፏል።