ተራማጅና ተቀማጭ

ባሕር ዳር ላይ «ዛሬ ጣና ዳር ወጣ እንበል» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ የስፖርት ልብስ አትፈልጉ። ወጥቶ የሚሠራው ሥራ አንድ ነው፤ መቀመጥ። መጀመሪያ ጥላ ይመርጣል፤ ዋርካ ሥር ከተገኘ እሰየው። ከዚያ ወንበር ይስባል። ሌላ ሰው ሲደርስ ወደ ጎረቤት ጠረጴዛ ዞሮ «ይቺ ሰው አላት?» ይልና ይጨምራል። የሚበላው ይታዘዛል፤ አሳው ተጠብሶ እስኪመጣ ሰው ይታማል። ሐይቁስ? ሐይቁማ የትም አይሄድም። አብዛኞቻችን እንዲያውም ጀርባችንን ሰጥተነው ነው የምንቀመጠው። ፊታችንን ወደ በሩ ካላደረግን ማን ከማን ጋር እንደገባ በምን እናውቃለን?

ይህን እንደ ስንፍና የሚቆጥሩ አሉ። እንደሚገባ መቀመጥ ምን ያህል ጉልበት እንደሚጠይቅ ስላልሞከሩት ነው። ከረፋዱ አራት ሰዓት ተቀምጦ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ወሬ ሳያልቅበት፣ ወገቡን ሳያመው፣ ሒሳብ ሲመጣም ሳይደነግጥ የሚቆይ ሰው ሜዳሊያ ቢነፈገው እንኳ ክብር አይነፈገውም።

እኔ የፋሲሎ ልጅ ነኝ። ጣና ዳር ያደገ ሁሉ ዋና የሚችል የሚመስላቸው የአዲስ አበባ ዘመዶች አሉኝ። ጣና ዳር ያደገ ልጅ ከዋና ይልቅ የእናቱን ጥፍር ነው የሚያውቀው። ከጨዋታ ሲመለስ «ና እስቲ» ይባላል። እናት ክንዱን ይዛ በጥፍሯ ጫር ታደርገዋለች። ነጭ መስመር ከወጣ ውኃ ገብቷል ማለት ነው፤ ክርክር የለም፣ ይግባኝ የለም። እናቶቻችን ያለ ምክንያት አልፈሩም። ዳር ዳሩን ቢልሃርዝያ አለ፤ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ደግሞ ጉማሬ አለ። ጉማሬ ደግሞ ጭር ሲል ካልሆነ አልወጣም የሚል ጨዋ እንስሳ አይደለም። ስለዚህ ሦስት ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ውኃ አጠገባችን ተዘርግቶ እኛ ከቁርጭምጭሚት በላይ ሳንረጥብ አደግን። እርግጥ ጣና ስፋቱ ያን ያህል ሆኖ ጥልቀቱ ቢበዛ አሥራ አራት ሜትር ግድም ነው፤ እንደ አንዳንድ የስብሰባ ተናጋሪ።

እንዲህ ተስማምተን ስንኖር ነው የአክስቴ ልጅ ከነባለቤቱ ከዴንቨር፣ ኮሎራዶ የመጣው።

ሻንጣው ሲከፈት አክስቴ አጠገቡ ነበረች፤ ሽቶና ጫማ እየጠበቀች። ጫማስ ወጣ፤ ባለ ጥርስ፣ ከባድ፣ ደግሞም የራሱ። ቀጥሎ ጎማ ቱቦ የተገጠመለት የውኃ ከረጢት ወጣ። በመጨረሻ ተጣጥፈው የሚዘረጉ ሁለት ዘንጎች ወጡ። አክስቴ ዘንጎቹን ተቀብላ አገላብጣ አየቻቸው፤ ፊቷ በራ። «ለደብሩ ካህናት መቋሚያ አመጣህ? ተባረክ ልጄ!»

ልጁ ነገሩን ማስረዳት ነበረበት። እዚያ አገር ቅዳሜ ሲደርስ ማልደው ተነሥተው በመኪና ሁለት ሰዓት ይሄዳሉ። ከዚያ መኪናውን አቁመው ሦስት አራት ሰዓት ሽቅብ ተራራ ይወጣሉ። ጫፉ ላይ ሐይቅ አለ። እሱን አይተው ይወርዳሉ።

አክስቴ በጥሞና ሰማችው። «ጸበል አለው?»

«የለውም፣ እማዬ።»

«ታቦትስ?»

«የለም።»

«ገበያ ነው?»

«እማዬ፣ ውኃውን ለማየት ነው።»

አክስቴ ወደ እኔ ዞረች። የእናት ዐይን እንዲህ ሲሆን አይቼ አላውቅም። «ውኃ ለማየት!» አለች፤ «ጣና ደጃፉ ላይ ያደገ ልጅ!» በዚያች ማታ ስእለት ሳትሳል አልቀረችም።

በእሷ አልፈርድም። እኛ ተራራ መውጣት የማናውቅ ሰዎች አይደለንም። ለንግሥ፣ ለጸበል፣ ለለቅሶ፣ ለእንጨት እንወጣለን። ሽቅብ ከወጣን ግን ላይ የሚጠብቀን ነገር መኖር አለበት።

ዋናው ፀባችን የመጣው በከፍታ ነው። ዴንቨሮች ከተማቸው ከባሕር ጠለል በላይ ልክ አንድ ማይል፣ 1,609 ሜትር ላይ በመሆኗ የሚኮሩ ሰዎች ናቸው፤ በግዛቱ ምክር ቤት ሕንፃ ደረጃ ላይ ሳይቀር ከፍታውን ቀርጸውታል። የአክስቴ ልጅም ወሬውን ሁሉ በዚያ ይጀምራል። አንድ ቀን ስልኩን ተቀብዬ የጣናን ከፍታ አየሁለት። ውኃው ራሱ 1,800 ሜትር ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው። «እንግዲህ» አልኩት፤ «አንተ ተራራ ላይ ያለ ሐይቅ ፍለጋ ስትባክን እኛ ከከተማህ በላይ ባለ ሐይቅ ዳር ቁጭ ብለን ቀረሶ ስንበላ ኖረናል።» የሚወጡባቸው ሐይቆች ከ3,000 ሜትር በላይ መሆናቸውን ሊነግረኝ ሞከረ። እኔ ግን በዚያን ጊዜ አሳው ስለመጣ አልሰማሁትም። ጎንና ጎኑ በቢላ ተበጥቶ፣ ጅራቱ እስኪሰባበር ደርቆ የተጠበሰ ቀረሶ ከነሎሚው ፊቱ የቀረበለት ሰው ስለ ኮሎራዶ እንዲሰማ አይጠበቅበትም። አጥንቱም አለ፤ ልብ ይጠይቃል።

በማግስቱ «ራሴ እቀዝፋለሁ» አለ። ባለሞተር ጀልባ አይፈልግም። የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ሲሠራው የኖረውን የደንገል ታንኳ አይቶ ልቡ ሄዷል። ታንኳ ለማያውቀው ቀላል ይመስላል። ደንገሉ ታጭዶ፣ ደርቆ፣ በጥቅል በጥቅል ታስሮ ይሠራል፤ ውኃው በጥቅሎቹ መሀል እንደልቡ ይገባል፤ ቀዛፊው ደንገል ላይ ተቀምጦ በረጅም ዘንግ ግራና ቀኝ ይገፋል። ተቀምጦ! የጣና ሰዎች ባሕሩን ሲሻገሩ እንኳ ተቀምጠው መሆኑን ልብ በሉልኝ። የአክስቴ ልጅ ግን ጉልበት ጨመረበት። ታንኳዋ ዞረች። በሌላው በኩል ጉልበት ሲጨምር በሌላው በኩል ዞረች። ባለታንኳው ዳር ላይ ቆሞ «ኧረ ወንድምዓለም ተው! በዚያ በኩል ዓባይ ነው፤ ሱዳን ነው የምትገባው!» ይላል። የደረሰለት ባለሞተር ጀልባ ነው።

ደንገሉ ላይ ማሳበቡን ግን አልተቀበልኩትም። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል የጥንት ሰዎች በደንገል መርከብ አትላንቲክን መሻገር ይችሉ እንደነበር ለማሳየት ሲነሣ ደንገሉን ያስጫነው ከጣና ነበር። ከቻድ ሐይቅ የመጡ ሠሪዎች ግብፅ ውስጥ «ራ» የተባለችውን መርከብ ሠሩለት። እ.ኤ.አ. በ1969 ከሞሮኮ ተነሥታ ውቅያኖሱን አብዛኛውን ካቋረጠች በኋላ ባርቤዶስ ለመድረስ ጥቂት ሲቀራት ውኃ ጠግባ ተተወች። እንግዲህ ከጣና ዳር ተነሥቶ በጣም ሩቅ የቀዘፈው የጣና ደንገል ነው። ያውም ባለቤቶቹ ወንበር ላይ ሆነው።

ወደ ዘጌ የሄድነው ማለዳ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሣ ባለጀልባዎች ማርፈድ አይወዱም። የውጭ ጎብኚ ከተመናመነ ወዲህ ደግሞ ከዴንቨር የመጣ ሰው ማየት ብርቅ ሆኖባቸው እስከ ጀልባው ድረስ በእልልታ ሊሸኙን ምንም አልቀራቸውም። መንገዳችን ላይ ክብራን ገብርኤል ነበር። ክብራን ለወንዶች ብቻ ነው፤ የሴቶች ገዳም የሆነው እንጦስ ኢየሱስ አጠገቡ አለ። እኛ ክብራን ወጥተን የብራና መጻሕፍቱን ስናደንቅ፣ ስንወጣ ስንወርድ፣ የልጁ ባለቤት ጀልባዋ ውስጥ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣ ጠበቀችን። ስንመለስ በዚያ ሽርሽር ከሁላችንም የተዝናናችው እሷ እንደሆነች ከፊቷ ይነበብ ነበር። ይህን ለባሏ በጨዋነት አመለከትኩት።

ዘጌ የእግር መንገዱ በቡና ጫካ ውስጥ ነው። አፈ ታሪኩ እንደሚለው አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ሰባብረው ቢተክሉት ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ሆኖ በቀለ። በዘጌ በሬ ጠምዶ ማረስ የተከለከለ ነው፤ ጫካው እስከ ዛሬ የቆየው በዚህ ነው። የአክስቴ ልጅ በዚህ ጫካ ዘንጎቹን ዘርግቶ፣ ከቱቦው ውኃ እየመጠጠ፣ ሰዓቱን እያየ ጀመረ። ሰዓቱ የልብ ምት ይቆጥራል፣ እርምጃ ይቆጥራል፣ አቀበት ይቆጥራል። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ኮንጎ ጫማ ያደረጉ፣ ጀሪካን ያዘሉ እናት ከኋላችን መጥተው ደረሱብን። ሰላምታ ሰጡን፤ የልጁን ዘንግ አዩ፤ ጀርባው ላይ ያለውን ቦርሳ አዩ፤ አዘኑ። «አይዞህ ልጄ፤ ደከመህ? ጀሪካኑ ላይ ልደርብልህ?» አሉና መልስ ሳይጠብቁ አልፈውን ሄዱ። ሰዓቱ ያን አልቆጠረውም።

ዑራ ኪዳነ ምሕረት ስንደርስ አንደኛው ዘንግ ጭቃ ውስጥ ተተክሎ ሲነቀል ጫፉ ቀረ። እስካሁን የበቀለ ነገር መኖሩን አልሰማንም።

ይህን ሁሉ የምለው ተቀማጮችን ለማሞገስ ብቻ እንዳይመስላችሁ። መቀመጥም እንደ ድሮው አልሆነም። ዩኔስኮ ጣናን እ.ኤ.አ. በ2015 የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ብሎ ሲመዘግበው፣ ለዓሣውና ለወፉ እንጂ ለወንበራችን ጥበቃ አላደረገልንም። የሐይቁ ዳር በብዙ ቦታ በግቢ በግቢ ተይዟል። እዚያ ውኃውን ለማየት በሰው ግቢ ማለፍ አለብህ፤ ካለፍህ ትቀመጣለህ፤ ከተቀመጥህ ታዛለህ። ከዚህ ሕግ ነፃ የሆነው እምቦጭ የተባለው አረም ብቻ ነው። በሐይቁ ሰሜን ምሥራቅ በኩል እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ መጥቶ ተንፈላሶ ተቀምጧል፤ በየዘመቻው ስንቱ ሰው ወገቡ እስኪቆረጥ ቢነቅለውም ሒሳብ የጠየቀው አስተናጋጅ ግን የለም።

እኛ ግን እንጠየቃለን። የአንዱን ቤት የዋጋ ዝርዝር በቅርቡ አገላብጬ አይቼዋለሁ። የአሳ ጥብሱ ዋጋ ላይ ነጭ ወረቀት ተለጥፎ በእስክሪፕቶ አዲስ ቁጥር ተጽፏል። በጥፍሬ ጫር ሳደርገው ከሥሩ ሌላ ነጭ ወረቀት ወጣ። እሱንም ሳነሣ ሌላ ቁጥር። እያነሣሁ ብወርድ ዋጋው እንደሰው የነበረበት ዘመን ድረስ የምደርስ መሰለኝ፤ አስተናጋጁ መጥቶ «ምን ልታዘዝ?» ሲለኝ ግን እላዩ ላይ ያለውን ነው የከፈልኩት። ለሦስት ሰው አንድ ውኃ አዝዘን ነበር። ውኃው ከሐይቁ ይልቅ ቶሎ አለቀ።

ባሕር ዳርን እግረኛ ያደረጋት እንግዲህ ይህ ነው። ሐኪም ለዓመታት «ተንቀሳቀሱ» ሲለን አልሰማነውም፤ የዋጋ ዝርዝር አንዴ ተናግሮ አስነሣን። ደግነቱ መራመጃም ተገኘ። ግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመት፣ ሰፊ የእግረኛ መንገድ አለው፤ መብራቱ ሲበራ ከተማው ወደዚያ ይጎርፋል። ማንም «ምን ልታዘዝ?» አይልህም። የአክስቴ ልጅ ይህን ሲሰማ ደስታው ወሰን አጣ፤ በመጨረሻ ወገኖቹ ተራማጅ ሆኑለት። የቀረውን አንድ ዘንግ ይዞ ሰዓቱን ነካና ጉዞ ጀመርን።

መጀመሪያ የሰፈራችን ዕድር ዳኛ ከነቤተሰባቸው ተገኙ። ቆምን፤ ደኅንነት ተጠያየቅን፤ የአሜሪካ ዘመዶች በየስማቸው ተጠየቁ። ጥቂት እንደተራመድን የአክስቴ የማኅበር እኅቶች መጡ፤ «ይሄ ያ ትንሹ ነው? ምነው ከሳህ? አትበላም እንዴ እዚያ?» ተባለ፤ ዘንጉም እንደገና ተብራራ። ቀጥሎ አብሮን የተማረ ልጅ ከሚስቱ ጋር ደረሰ፤ የድልድዩን አጥር ተደግፎ ማን ከማን ጋር እንዳለፈ አንድ በአንድ ነገረን። ዞር ብዬ ሳይ የድልድዩ ሕዝብ ሁሉ እንዲሁ ክብ ክብ ሠርቶ ቆሟል። ወንበሩ ቀረ እንጂ ሥነ ሥርዓቱ አንድም አልጎደለበት። እኔን ከጠየቃችሁ፣ 380 ሜትሩን ሳይቆም የተሻገረ ሰው ወይ እንግዳ ነው፣ ወይ ብድር አለበት።

የአክስቴ ልጅ ሰዓት ይህን አልገባውም። በየመሀሉ እየተንቀጠቀጠ «ጉዞህን ጨርሰሃል ወይ?» ይለዋል። ልጁ መጀመሪያ ላይ በንዴት ያጠፋው ነበር። በኋላ አንዲት አሮጊት እጁን ይዘው የእናቱን የልጅነት ታሪክ ሲያጫውቱት ሰዓቱ እንደገና ጠየቀው። ልጁ ሰዓቱን ከእጁ ፈታና ኪሱ ከተተው፤ ወደ አሮጊቷም ጠጋ ብሎ «እሺ፣ ከዚያስ?» አላቸው።