ንግሥት ለመጻፍ ቅናት ይበቃል

ንግሥት ያለችበት ድርሰት መጻፍ እንደዚህ ዘመን ቀሎ አያውቅም። ደራሲው ዜና መዋዕል አያገላብጥም፣ የገዳም ዕቃ ቤት ደጅ አይጠናም። ሁለት ቆንጆዎች፣ አንድ ዙፋን፣ አንድ ብልቃጥ መርዝ፣ ከመጋረጃ ጀርባ ጆሮዋን የምትጥል አንዲት ደንገጡር ካሉት ሥራው አልቋል። ንጉሡ በሁለቱ መሃል ግራ እንደተጋባ ምስኪን ተቀምጦ ይተክዛል። በመጨረሻው ምዕራፍ አገር ቢፈርስ ማን እንዳፈረሰው አንባቢ አይጠፋውም፤ ሴቶቹ ተቀናንተው ነው።

ይህ ምቹ ብልሃት የደራሲዎች ብቻ ሀብት አይደለም። ጠላ ቤት የሚተርከውም፣ ሰንበቴ ላይ የሚያወጋውም፣ ክፍል ገብቶ ታሪክ የሚያስተምረውም ይጠቀምበታል። ደንቡ አጭር ነው። ሁለት ወንዶች ዙፋን ሲሻሙ «የሥልጣን ትግል» ይባላል፤ ራሱን የቻለ ምዕራፍ፣ ካርታና የጦር አሰላለፍ ይሰጠዋል። ሁለት ሴቶች ያንኑ ዙፋን ሲሻሙ «ነገረኞች ነበሩ» ተብሎ በአንድ መስመር ይታለፋል። ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ ያለው ሰው ለታሪክ ጸሐፊ ስንት ገጽ እንዳተረፈለት ቢያውቅ ኖሮ ክፍያ በጠየቀ ነበር።

የደንቡን ጥቅም በቅርብ ለማየት ወደ ጎጃም፣ ደጋ ዳሞት፣ ፈረስ ቤት መውጣት ነው። እዚያ የድንበር ክርክር እንደ ቀልድ አይታይም። ሁለት ወንድማማቾች «ወሰን ገፋህብኝ» ተባብለው ፍርድ ቤት ሲቆሙ ሽማግሌ ይሰየማል፣ ምስክር ይቆጠራል፣ የባልና ሚስት ፎቶ የተለጠፈበት የይዞታ ደብተር ከሣጥን ይወጣል። ያንኑ ማሳ ባሏ የሞተባት እናትና የሟች ልጇ ሚስት ቢካሰሱበት ግን ከችሎቱ ውጭ የቆመው ሁሉ ፈገግ ይላል፤ «የአማትና የምራት ነገር!» ይባላል። ሴቶቹ የሚጠይቁት ደብተሩ በማን ስም ይዙር የሚል ነው። ፈገግታው ይህን ጥያቄ ይውጠዋል።

የዳሞት ገበሬ የመሬት ጠብ ምን እንደሆነ ከማንም በላይ ያውቃል። በ1960 ዓ.ም. መንግሥት በእርሻ ገቢ ላይ አዲስ ግብር ሲጥል ደጋ ዳሞት፣ ሞጣና ቢቸና ጠመንጃ አንሥተው ግብሩ በነበረበት እንዳይቀጥል አድርገዋል። እስካሁን አንድም ሰው ተነሥቶ ገበሬዎቹ ያመፁት በግብር ሰብሳቢው ቁንጅና ቀንተው ነው አላለም። ወንድ ስለ መሬትና ስለ ግብር ሲጣላ ስለ መሬትና ስለ ግብር መጣላቱ ይታመንለታል።

ወደ ጎንደር ቢሻገሩ የፈረስ ቤቷ አማትና ምራት ዘውድ ጭነው ይገኛሉ። እቴጌ ምንትዋብ ባላቸው ዐፄ ባካፋ በ1723 ዓ.ም. ሲያርፉ ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ ሕፃን ስለነበር ራሳቸው ዘውድ ጭነው ከልጃቸው ጋር ነገሡ። የቋራ ዘመዶቻቸውን ሾሙ፣ ቁስቋምን አሠሩ፣ ከጣና ደሴቶች በአንዱ ላይ ናርጋ ሥላሴን ተከሉ። ልጃቸው በ1747 ዓ.ም. ሲሞት ደግሞ የልጅ ልጃቸው ኢዮአስ በሕፃንነቱ ነገሠ። የኢዮአስ እናት ውቢት፣ በክርስትና ስማቸው ቤርሳቤህ፣ ከኦሮሞ ባላባት ቤት የመጡ ነበሩ። የሳቸው ሙግት ቀላል ነበር። እቴጌ በልጃቸው ስም አገር ገዝተዋል፤ አሁን ነጋሹ የእኔ ልጅ ስለሆነ ተራው የእኔ ነው። ምንትዋብ ደግሞ ዘውድ የጫንኩት ለአንድ ልጅ ዘመን ብቻ አይደለም ባይ ናቸው።

የሕግ ተማሪ ይህን ጉዳይ ቢያገኝ ዓመት ሙሉ ይከራከርበታል። ሞግዚትነት ለእናት ነው ወይስ ለአያት? ዘውድ የጫነች ሴት ሥልጣኗ በልጇ ሞት ያበቃል? አስቸጋሪው ነገር ውቢት የጠቀሱት አብነት ራሳቸው ምንትዋብ የሠሩት መሆኑ ነው። ከአንደኛዋ ጀርባ የቋራ መኳንንት፣ ከሌላዋ ጀርባ ወንድሞቻቸውና ተከታዮቻቸው ተሰልፈዋል፤ ሁለቱም ወገን ሹመት፣ ጦርና ግዛት ይዟል። ይህን ሁሉ መተረክ ግን አድካሚ ነው። «አማትና ምራት አልተስማሙም» ብሎ ማለፍ እያለ ማን ይደክማል?

ሚዛን የሚያስጠብቁት የእቴጌ ወንድም ራስ ወልደ ልዑል ሲያርፉ ጠቡ ገነፈለ፤ ከትግራይ ራስ ሚካኤል ስሑል ተጠሩ። ራስ ሚካኤል በ1761 ዓ.ም. ኢዮአስን አስገደሉ፤ በምትኩ ያነገሡትን ሽማግሌ ዮሐንስንም ብዙ ሳይቆዩ አስወገዱ፤ ቀጥሎ ተክለ ሃይማኖትን አስቀመጡ። ዘመነ መሳፍንት የሚቆጠረው ከዚያ ጀምሮ ነው። በጥቂት ወራት ሁለት ንጉሠ ነገሥት ያጠፉት ሰው በትረካችን «ብልህ» ናቸው፤ ስሑል ማለት ስለታም ነውና ስማቸውም አብሮ ይሞገሳል። የአገሪቱ መበታተን ግን በሁለቱ ሴቶች ሒሳብ ይመዘገባል። ክፍፍሉ ፍትሐዊ ነው፤ ወንዱ ዝናውን ወሰደ፣ ሴቶቹ ጥፋቱን ተካፈሉ።

እዚህ ላይ አንድ ችግር አለ። ታሪካችን ውስጥ እውነተኛ ጠላትነት የነበራቸው ንግሥቶች ሞልተዋል፤ ግን አብዛኞቹ ለቅናት አይመቹም። ሰብለ ወንጌልና ባቲ ድል ወንበራ ለምሳሌ በጣም አስቸጋሪ ናቸው። አንደኛዋ የዐፄ ልብነ ድንግል ባለቤት፣ ሌላዋ የኢማም አሕመድ ባለቤት። ድል ወንበራ ከባላቸው ጋር ዘምተው በዘመቻ ላይ ወልደዋል። ሰብለ ወንጌል ከደብረ ዳሞ ተነሥተው ከክሪስቶቫኦ ዳ ጋማ የፖርቱጋል ጦር ጋር ተጉዘዋል። በየካቲት 1535 ዓ.ም. ወይና ደጋ ላይ ኢማሙ ሲሞቱ የድል ወንበራ ልጅ መሐመድ ተማረከ። የሰብለ ወንጌል ልጅ ሚናስ ደግሞ ቀድሞ ተማርኮ ባሕር ተሻግሮ የመን ነበር። ሁለቱ እናቶች ምን አደረጉ? ተደራድረው ልጅ በልጅ ተለዋወጡ። ሚናስ ተመልሶ በኋላ ነገሠ። ድል ወንበራም ሐረር ገብተው ኑር ኢብን ሙጃሂድን አገቡ፤ ኑር በ1551 ዓ.ም. ዐፄ ገላውዴዎስን በጦር ሜዳ ገደለ። ገላውዴዎስ የሰብለ ወንጌል ልጅ ነበሩ።

የምርኮኛ ልውውጥ፣ ባሕር የተሻገረ ድርድር፣ ዓመታት የጠበቀ በቀል። ይህን ሁሉ ይዞ ደራሲው ጭንቅላቱን ይዟል፤ ምክንያቱም በመሃላቸው የሚሻሙት ወንድ የለም።

የወሎዎቹ ወርቂትና መስተዋትም ከዚህ አይሻሉም። ሁለቱም በየልጆቻቸው ስም የወሎን ግዛት የሚሻሙ ገዥዎች ነበሩ። ሰኔ 1857 ዓ.ም. ምኒልክ ከዐፄ ቴዎድሮስ እስር ከመቅደላ አምባ ሲያመልጡ ወርቂት ተቀበሏቸው፤ ዐፄ ቴዎድሮስ ምርኮኛ የነበረውን የወርቂትን ልጅ በዚያው ገደሉት። ለአንድ ፖለቲካዊ ውሳኔ የተከፈለ ዋጋ ከዚህ በላይ የለም። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር መቅደላ ሲደርስ ከሁለቱም ጋር ተላልኳል፤ የመስተዋት ጦር የቴዎድሮስን መውጫ ዘግቷል። አምባው ከተያዘ በኋላ ሁለቱም ይገባኛል አሉ፤ ናፒየር ግን አቃጥሎት ሄደ። የአምባ ክርክር ነበር፤ የደጋ ዳሞት ሽማግሌ ቢሰማው በቀላሉ ይገባው ነበር።

ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ ደራሲው ተስፋው ይለመልማል። እቴጌ ጣይቱ እንጀራ እናት፣ ዘውዲቱ የእንጀራ ልጅ! ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? ግን ጣይቱ እንጀራ ልጃቸውን ለወንድማቸው ለራስ ወሌ ልጅ ለራስ ጉግሣ ድረው አቅርበዋቸዋል። ዐፄ ምኒልክ በሕመም ሲዳከሙም የሸዋ መኳንንት ጣይቱን ከጠረጠሩባቸው ነገሮች አንዱ ዘውዲቱን ሊያነግሡ ነው የሚል ነበር። በመጋቢት 1902 ዓ.ም. መኳንንቱ ጣይቱን ከሥልጣን አራቁ። ልጅ ኢያሱ በ1909 ዓ.ም. ሲወርዱ ያው መኳንንት ዘውዲቱን አነገሡ፤ ባላቸው ራስ ጉግሣ ግን ቤተ መንግሥት አልገቡም፤ ተለያይተው ወደ በጌምድር ተላኩ። ጉግሣ በመጋቢት 1922 ዓ.ም. አንቺም ላይ ከማዕከላዊ መንግሥት ጦር ጋር ሲዋጉ ሞቱ፤ ንግሥቲቱ በቀናት ልዩነት አረፉ። ክፉ እንጀራ እናት ሲፈለግ ባልና ሚስት ያለያየ የመኳንንት ጉባኤ ተገኘ። ጉባኤውን የቅናት ድራማ ውስጥ ለማስገባት ደግሞ ሁሉንም ቀሚስ ማልበስ ሊያስፈልግ ነው።

የእኛ ደራሲዎች ብቻቸውን እንዳልሆኑ መመስከር ይገባል። የእንግሊዟ ኤልሳቤጥና የስኮትላንዷ ሜሪ በሕይወታቸው አንድም ቀን ፊት ለፊት አልተያዩም። ጀርመናዊው ሺለር እ.ኤ.አ. በ1800 ባቀረበው ቴአትር ግን አገናኝቶ አሰዳደባቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣውም ፊልም እንዲሁ አደረገ። ሁለት መንግሥታት በደብዳቤና በሰላይ ለዓመታት ያካሄዱት ሽኩቻ ሁለት ሴቶች ካልተፋጠጡበት ትኬት አይሸጥም። ቱርኮችም በሱልጣን ሱለይማን ቤት የነበሩትን ሑረምንና ማሂደቭራንን ይዘው የሠሩት ተከታታይ ድራማ ብዙ አገር ዞሯል። እዚያ ቤት የነበረው ጥያቄ የማን ልጅ ይነግሣል፣ የማንስ ይታነቃል የሚል ነበር፤ የቀሚሱ ጥልፍ ግን በካሜራ የተሻለ ይታያል።

እንግዲህ ይህን አሮጌ ትረካ እናርማለን ብለው የተነሡ አሉ፤ ፌሚኒስት ፋንታሲ የሚባለው። ዓላማው የተቀደሰ ነው። ንግሥቲቱ ከመጋረጃ ጀርባ ትወጣለች፤ መርዙን ትጥልና ሰይፍ ታነሣለች፤ ፀጉሯ ነፋስ በሌለበት ይውለበለባል፤ ዘንዶ ትጋልባለች፤ አስማቷ ከደብተራ ሁሉ ይበልጣል። ባላንጣዋም መጥፎ እንዳልነበረች በመጨረሻው ምዕራፍ ይታወቃል፤ ሁለቱ ተቃቅፈው ያለቅሱና «ያጣሉን ወንዶች ናቸው» ይባባላሉ።

ደስ ይላል። ግን ስሌቱን ላየው ሰው ሴቶቹ ሁለተኛ ጊዜ ተዘረፉ። አሮጌው ተራኪ ምክንያታቸውን ወስዶ ቅናት ሰጣቸው፤ አዲሱ ደግሞ ጠላትነታቸውን ወስዶ እቅፍ ሰጣቸው። ምንትዋብና ውቢት በእህትማማችነት የሚታረቁ ሰዎች አልነበሩም፤ አንድ ሞግዚትነት ለሁለት አይካፈልም። ወርቂት ከመስተዋት ጋር ተቃቅፈው ቢያለቅሱ መቅደላ ለማን ሊሆን ነው? ሴት ክፉ ስሌት ማስላት፣ ጦር ማዝመት፣ ዘመድ መሾም፣ በደንብ አስባ መጥላት እንደምትችል ማመን ከዘንዶው ይልቅ ለደራሲዎች የከበደ ይመስላል። ሰይፉ ያለ ግብር ሰብሳቢ፣ ዘውዱ ያለ ጉልት ይሰጣታል። የጦሯን ስንቅ ከየት እንደምታመጣ የሚጠይቅ የለም።

ይህ ችግር ግን ከፋንታሲው በፊትም ነበር። ከሐድያ የመጡት እቴጌ እሌኒ በበርካታ ነገሥታት ዘመን አገር ያማከሩ፣ መርጡለ ማርያምን ያሠሩ፣ አርመናዊውን ማቴዎስን ደብዳቤ አስይዘው ወደ ፖርቱጋል የላኩ ነበሩ። የዘመኑ ጸሐፊ ዓለማዊ ሙያቸውን ሲያመሰግን ግን የምግብ ዝግጅታቸውን አስቀድሞ ነው ወደ መጻሕፍት፣ ወደ ሕግና ወደ መንግሥት ጉዳይ የሚያልፈው። ወጡ ካልጣመ ዲፕሎማሲው የማይታመን ይመስል።

ለዳሞት የተረፈ አንድ ያልተነካ ርዕስ አለ። ምንትዋብ ከባካፋ ሞት በኋላ ከምልምል ኢያሱ ሴቶች ልጆች ወልደዋል። አንዷ ወይዘሮ ወለተ እስራኤል የዳሞቱን ደጃዝማች ዮሴዴቅን አግብተው ጎጃምን የገዙትን ራስ ኃይሉን ወለዱ። ሌላዋ ወይዘሮ አስቴር ያገቡት ራስ ሚካኤል ስሑልን ነው፤ የወንድማቸውን ልጅ ኢዮአስን ያስገደሉትን። አንዷ እህት በጎጃም ጌቶች ቤት፣ ሌላዋ በገዳዩ ቤት፣ በመሃላቸው የአንድ የሥጋ ዘመድ ደም። አስቴር ከሚካኤል ጋር ሲኖሩ ለወለተ እስራኤል ምን ብለው ላኩ? ወለተ እስራኤልስ ልጃቸውን ኃይሉን ሲያሳድጉ ስለ አክስቱ ባል ምን ነገሩት? ምናብ ያለው ሰው እዚህ ላይ ቢሠራበት ማንም አይከለክለውም። ለሁለቱ እህትማማቾች የሚሻሙት ቆንጆ ጎረምሳ ካላገኘ ግን ደራሲው ርዕሱን ትቶ ሌላ ፍለጋ ይሄዳል።