ደብተር ያለው ያቆማል

የሚስቴ ወንድም አዲስ አበባ ካሉ ባንኮች በአብዛኞቹ የቁጠባ ደብተር አለው። ገንዘብ የለውም፤ መኪና ግን አለው። ሜክሲኮ ወይም ቦሌ ጉዳይ ሲኖረው ግቢ ያለው ባንክ ይመርጥና ሰተት ብሎ ይገባል። ጥበቃው «ባንክ ነው የሚገቡት?» ሲለው ደብተሩን በመስኮት ብቅ ያደርጋል። ሃምሳ ብር ያስገባና ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። በሳምንቱ ያችኑ ሃምሳ ብር አውጥቶ ሌላ ባንክ ያስገባታል። ከተማውን ከእኔ በላይ የዞረች ሃምሳ ብር ናት።

አትፍረዱበት። በዚህች ከተማ ስለ መኪና ማቆሚያ ተጨንቀው የማያውቁት አፄ ምኒልክ ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ የመጀመሪያዋን አውቶሞቢል ሲያመጣላቸው የትም ማቆም ይችሉ ነበር። ብዙም ሳይቆይ አንድ ጀርመናዊ ሁለተኛዋን ይዞ መጣ። ችግሩ ያን ቀን የተጀመረ ይመስለኛል።

ሕንፃዎቻችን ምድር ቤት የላቸውም እንዳትሉ። ፕላኑ ላይ «መኪና ማቆሚያ» ተብሎ ተጽፏል። ቁልቁለቱን ስትወርዱ ግን አንዱ ጋ ጫማ ይሸጣል፣ ሌላው ጋ ካርቶን ተከምሯል፣ አንዳንዱ ጋ ክትፎ ቤት ነው። አስተዳደሩ በየጊዜው «ወደነበረበት መልሱ» ይላል። ይመለሳልም፤ ተቆጣጣሪው እስኪሄድ።

የቀረን አስፋልቱ ነው። እሱን ደግሞ በማኅበር የተደራጁ ልጆች ይዘውታል። ሂሳቡ በግማሽ ሰዓት ነው፤ እውነቱን ለመናገር ከማኪያቶ ይረክሳል። ነገር ግን ቦታ ስፈልግ ሰደርያ የለበሰ ሰው ለመድኃኒት አይገኝም። ሞተር አስነስቼ ልወጣ ስል ከየት መጣ ሳይባል መስኮቱ ይንኳኳል።

«ፋዘር፣ አንድ ሰዓት ተኩል ሆኗል።»

«አሁን አይደል እንዴ የመጣሁት?»

«ትኬቱ ላይ አለ፣ ፋዘር።»

ትኬቱ ዋይፐሩ ስር ተሰክቷል። ሰዓቱ በሐኪም እጅ ጽሑፍ ስለተጻፈ ሦስት ይሁን አምስት አይለይም። ከገንዘቡ ይልቅ የሚያንገበግበኝ ደግሞ «ፋዘር» መባሌ ነው፤ ገና አርባ አልሞላኝም።

ልጁ በጊዜ የተገኘ ቀንም ቢሆን መዘዝ አለው። «ና፣ ና፣ ና! ቁረጥ! ሙሉውን ቁረጥ! መልስ! ና፣ ና…» ጓ! «በቃ» የሚለው ከጓታው በኋላ ነው።

ከአጥር ውስጥ ያሉት ማቆሚያዎች ሌላ ሥርዓት አላቸው፦ ማርሹ ዜሮ፣ የእጅ ፍሬኑ የተለቀቀ። መኪናዋ ቀኑን ሙሉ ወዲያና ወዲህ ስትገፋ ትውላለች። ጠዋት በር ላይ ያቆምኳትን ማታ ከአይሱዙ ጀርባ አገኛታለሁ። አይሱዙው ደግሞ ማርሽ ውስጥ ነው። መስታወቱ ላይ የተተወው ስልክ ሲደወል ባለቤቱ «መጣሁ፣ ደረጃ ላይ ነኝ» ይላል፤ ከኋላው ጥብስ ሲንቸሰቸስ ይሰማል።

ክልክል ቦታ ማቆም? ትራፊክ ፖሊሶች ካቻቢቴ ይዘው ታርጋ ይፈቱ በነበረበት ጊዜ ታርጋውን ያስበየደ ሰው አውቃለሁ። ጎማ መቆለፍ ሲመጣ ግን የሚያስበይደው አጣ።

በ2013 ዓ.ም. በታደሰው መስቀል አደባባይ ስር ከ1,000 በላይ መኪና የሚይዝ ማቆሚያ አለ። ዝናብ የለ፣ ፀሐይ የለ፣ ከአይሱዙ ጋር መጋፋት የለ። የሚስቴ ወንድም ግን አይገባበትም፤ «ከዚያ ሜክሲኮ በእግር ሩቅ ነው፣ ደግሞም ያስከፍላል» ይላል። ይህን የሚለኝ ነፃ ቦታ ፍለጋ ሜክሲኮ አደባባይን እየዞረ፣ የነዳጁ መብራት ቀልቶ ነው። የሚያቃጥለውን ቤንዚን ለአደባባዩ ቢከፍል ወር ሙሉ ያቆም ነበር።

ሜክሲኮ አካባቢ ርካሽ ቦታ የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩት። እኔም አንድ አውቃለሁ፤ ግን ለሁለት መኪና አይበቃም።