በእንተ ዳግም ፈተና፦ ሕግ ለመማር የሚመኝ የጋፋት ልጅ ዕድሉን ስለሚመዝንበት ሥርዓት የቀረበ ሐተታ

በጋፋትና በዙሪያዋ፣ ይኸውም ከደብረ ታቦር ከተማ አንሥቶ ፋርጣን ይዞ እስከ ጉና ተራራ ግርጌ ባለው ደጋ፣ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ከተለቀቀበት ዕለት ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ምደባ እስከሚታወቅበት ዕለት ድረስ በየዓመቱ የሚፈጸም አንድ ሥርዓት አለ። ስለ አገሩ ለቅሶ፣ ስለ ሰርጉና ስለ ቡሄው የደከሙ ሰዎች ብዙ ሲሆኑ፣ ይህ ሥርዓት ግን ምንም እንኳ ከቡሄ የሚረዝም፣ ከለቅሶ ያላነሰ ሰው የሚሰበስብ፣ ከሰርግም የበለጠ ቡና የሚያስፈጅ ቢሆን፣ የሚገባውን ሐተታ አላገኘም። ሥርዓቱም ሕግ እማራለሁ ብሎ የቈረጠ ወጣት፣ ያመጣው ነጥብ ያስገባው ወይም አያስገባው እንደ ሆነ፣ ባያስገባውም በከርሞው ፈተና የግል ተፈታኝ ሆኖ ይቀመጥ ወይም ይተወው እንደ ሆነ፣ ከዘመዶቹ፣ ከጎረቤቶቹና ከገዛ ራሱ ጋራ የሚሟገትበት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሙግቱን በየክፍሉ አፍታቶ ለጠቢባን ማቅረብ ነው።

አስቀድሞ «ለምን ሕግ?» ብሎ ለሚጠይቅ አንባቢ መልሱ ሩቅ አይደለም። በዚህ አገር ሰው ከመራመድ ቀጥሎ የሚማረው መሟገትን ነው። የቀድሞው ባለጉዳይ በዛፍ ጥላ ሥር ከዳኛ ፊት ቆሞ፣ ኩታውን አደግድጎ፣ «በላ ልበልሃ!» እያለ፣ ስለ ቃሉ እውነተኛነት ማርና በቅሎ እየተወራረደ ሲከራከር፣ የንግግር ማማር ራሱ እንደ ግማሽ ምስክር ይቈጠርለት ነበር። ከቤተ ክህነቱም ወገን ቢታይ፣ 22ቱ አንቀጽ ለመንፈሳዊው፣ ከዚያ ወዲያ እስከ 51ኛው ያለው ለሥጋዊው ፍርድ የተመደበው ፍትሐ ነገሥት፣ በሊቃውንት ጉባኤ ንባቡ ከነትርጓሜው ሲነገር ኖሯል። በዚያ ጉባኤ የመቁረጫ ነጥብ የሚባል ነገር አልነበረም። ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኰፋዳውን አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ቁራሹን ለምኖ ከየኔታ እግር ሥር ይቀመጣል፤ ሲስት «ተመለስ» ይባላል፤ ይመለሳል። ድጓውን ለማስመስከር ጋይንት ቤተ ልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕቱን ለማስመስከር ዙር አምባ በሄደ ጊዜም ስንት ጊዜ ተመለስ እንደ ተባለ ማንም አይጠይቀውም፤ የሚጠየቀው መቻሉን ብቻ ነው።

የዛሬው ተማሪ ሥርዓት ከዚህ የተለየ ነው። በ1956 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ ከተከፈተ ወዲህ፣ ወደ ሕግ የሚያስገባው መንገድ በሮች በዝተውበታል። መጀመሪያ በብሔራዊው ፈተና ግማሹንና ከዚያ በላይ ማምጣት፤ ይህ ቢጐድል በትምህርት ሚኒስቴር የተወሰነውን ዝቅተኛ ነጥብ ይዞ ሕዝቡ «ሪሚዲያል» በሚለው የማሻሻያ ትምህርት ማለፍ፤ ቀጥሎ ምደባ፤ ቀጥሎ የመጀመሪያውን ዓመት የጋራ ትምህርት አጠናቆ በዚያው ውጤት የትምህርት ክፍል መምረጥ፤ ሕግ ከደረሰም 5 ዓመት የሚፈጀውን ትምህርት መጨረስ፤ በስተመጨረሻም የመውጫ ፈተና ማለፍ። ይህ የመውጫ ፈተና ወደ ሌሎች የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርቶች የተዳረሰው በ2015 ዓ.ም. ሲሆን፣ የሕግ ተማሪዎች ግን ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ሲፈተኑት ቆይተዋል፤ በዚህም ሕግ ከሁሉ አስቀድሞ ተጠራጣሪ መሆኑን አስመስክሯል። ከሁሉ የሚደንቀው ግን ወጣቱ ለሕግ ብቁ መሆን አለመሆኑ የሚመዘንበት የመጀመሪያው ፈተና በእንግሊዝኛ፣ በሒሳብ፣ በጂኦግራፊ፣ በታሪክና በኢኮኖሚክስ ሲመረምረው፣ ስለ ሕግ ራሱን የቻለ አንድም ወረቀት የሌለው መሆኑ ነው። ይህም ዳኛ ከጉዳዩ ገለልተኛ መሆን አለበት ከሚለው መሠረተ ሐሳብ ጋራ ፍጹም ይስማማል።

ዕድልን ለመመዘን የሚያገለግለው ቁጥር ከመንግሥት ዘንድ ይገኛል። ተፈታኞች ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ እየገቡ መፈተን በጀመሩበት በ2014 ዓ.ም. ፈተና፣ ከተቀመጡት 896,520 ተማሪዎች ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909፣ ማለትም ከመቶ 3.3 ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 ከመቶ ሆነ። ይህን ሰልፍ አይቶ አንድ የአገሩ ተፈታኝ፣ ነገሩ በዚሁ ከቀጠለ ሁሉም የሚያልፍበትን ዓመት በጥንቃቄ አስልቶ፣ እስከዚያ ታግሦ መቀመጡ እንደሚሻል አስረድቶኛል። በስሌቱ ስሕተት አላገኘሁበትም፤ ዕድሜውን ብቻ አልደመረም።

የዚህኑ ሰው ሌላ ሰነድ በቅርብ ለመመርመር በቅቻለሁ። ከደብተር መካከል የተገነጠለ ባለ መስመር ወረቀት ሲሆን፣ በግራው «የተገኘ»፣ በቀኙ «የሚገኝ» የሚል አርእስት ተጽፎበታል። ታሪክና ጂኦግራፊ በግራውም በቀኙም እኩል ናቸው፤ እንግሊዝኛ ያለ ምንም ማብራሪያ በ10 ነጥብ አድጓል፤ የሒሳቡ መስመር ግን በላጲስ ብዛት ወረቀቱ ሳስቶ፣ ከበስተኋላው የተጻፈው የጓደኛ ስልክ ቁጥር በገጹ በኩል ይነበባል። ከግርጌው «ቢያንስ» እና «ቢበዛ» የሚሉ ሁለት ድምሮች ሰፍረዋል፤ ቢያንስ ከቢበዛ በ4 ነጥብ ይበልጣል። ይህን ሳይንስ አያውቀውም የሚል ሰው ባሕረ ሐሳብን ይመልከት። በባሕረ ሐሳብ አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ ምንጊዜም 30 ይሆናሉ፤ አንዱ ሲያንስ ሌላው ይሞላዋል። በተፈታኙም ሐሳብ ጥናትና ተስፋ ሲደመሩ ምንጊዜም አንድ ልክ ይወጣሉ፤ ጥናቱ በጐደለ መጠን ተስፋው ይሞላል፤ የሒሳብ መጽሐፉ ፈጽሞ ባልተገለጠበት ዓመት ተስፋ ምሉዕ በኵለሄ ይሆናል።

ጉዳዩ ከወረቀት ወደ ችሎት የሚሻገረው ቡና ሲፈላ ነው። አቦል የመጀመሪያ ደረጃ፣ ቶና የይግባኝ፣ በረካ የሰበር ችሎት መሆናቸውን ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል። በአቦሉ አባት ይፈርዳሉ፦ «ልጄ፣ ያገኘኸው ይበቃሃል፤ የመደቡህ ቦታ ሂድ።» ልጁም፣ «አባ፣ ሄጄ ሕግ ባይደርሰኝስ?» ይላል። «የደረሰህን ትማራለሃ! አገር በዳኛ ብቻ አይቆምም።» በቶናው እናት ፍርዱን ይሽራሉ፦ «አንድ ዓመት ምን አላት? እዚሁ እኔ ዘንድ ተቀምጦ ያጥና።» በዚህ ጊዜ ያ ተቀማጭ ባለፈው ክረምት ድንች በሚለቀምበት ሰሞን ምን ያህል እንዳጠና በአባት በኩል የማስረጃ ጥያቄ ይነሣል፤ እናትም ጥያቄው ከጭብጡ ውጭ ነው ብለው ይቃወማሉ። በረካው ሲቀዳ ጋሼ የሚባሉት አጎት፣ ዩኒቨርሲቲን 3ኛ ዓመት ላይ ያቋረጡት፣ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። የፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉትን ፍርድ ቤቶች የሚያስገድደው ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ ነው፤ የአጎት ትርጉም ግን ከዚያም በፊት አስገዳጅ ነበር። «እናንተ ሰዎች፣» ይላሉ፣ «ይህ ልጅ ሦስት ስኒ ሙሉ አፍ ሳያሳርፍ ሲሟገት እየሰማችሁ፣ ሕግ ይገባል አይገባም ትላላችሁ?» ይህም በጥናቴ ሁሉ ካገኘሁት አስተያየት የተሻለው ነው፤ የሚያሳዝነው፣ የፈተና ወረቀት ጥቁር ክብ እንጂ ቃል አይቀበልም።

ወደ ሕጉ ዓለም ስንመለስ፣ ዳግም ፈተናን ይግባኝ ነው የሚሉ አሉ፤ ስሕተት ነው። ይግባኝ ማለት ያንኑ መዝገብ ሌላ ዳኛ እንዲያየው መጠየቅ ሲሆን፣ ዳግም ፈተና ግን ሌላ መዝገብ ያው ዳኛ እንዲያየው መጠየቅ ነው። ደግሞም በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ይግባኝ ባዩን በ60 ቀን ሲወስነው፣ ተፈታኙ 60 ቀን የሚበቃው ለማዘን ብቻ ነው። የይርጋውም ነገር እንዲሁ ነው፤ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1845 የውል ጥያቄ በ10 ዓመት እንዲታገድ ሲደነግግ፣ ልጄ ዳኛ ይሆንልኛል የሚለው የወላጅ ጥያቄ በስንት ዓመት እንደሚታገድ ግን ዝም ብሏል። ዝምታውንም ወላጆች በሙሉ ለራሳቸው ይተረጉሙታል።

ይቀመጥ የሚለው ወገን በጋፋት ላይ አንድ የማይናቅ አስረጂ አለው። ዳግማዊ ቴዎድሮስ በዚህች መንደር ከአውሮጳ የመጡ የወንጌል መልእክተኞችንና ባለሙያዎችን አስቀምጠው መድፍ ባሠሩ ጊዜ፣ የመጀመሪያው የማቅለጥ ሙከራ እንዳልሰመረና ንጉሡ እንደ ገና እንዲሞክሩ ማዘዛቸው ይነገራል፤ በስተኋላም 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል ወጣ። እንግዲህ በጋፋት መውደቅ ነውር አለመሆኑ በብረት ተጽፏል ይላሉ። አይቀመጥ የሚለው ወገን ደግሞ ሁለት መልስ ይሰጣል፦ አንደኛ፣ ያ ዳግም ሙከራ ከኋላው ንጉሠ ነገሥት ነበረበት፤ የእኛ ልጅ ከኋላው ያለው አጎቱ ነው። ሁለተኛ፣ መድፉ ከወጣ በኋላ ያን ሁሉ ገደል መንገድ እየጠረጉ እስከ መቅደላ መጐተት ግድ ሆኗል፤ ስለዚህ ማለፍ የድካም መጨረሻ ነው የሚል ሁሉ 5 ዓመት የሚጐተተውን አላየም። መድፉ እስከ ዛሬ በመቅደላ አምባ ተቀምጧል፤ ሁለቱም ወገን ለምስክርነት ይጠሩታል።

ግራ ቀኙን መርምረን የሚከተለውን ወስነናል።

1ኛ. በመጀመሪያው ፈተና የጐደለው ነጥብ መጽሐፉ ሳይገለጥ የጐደለ እንደ ሆነ፣ ተፈታኙ ዳግም ይቀመጥ፤ ነገር ግን በዚህ ዓመት መጽሐፉን ይግለጥ።

2ኛ. የጐደለው የጎረቤት ልጅ ስላመጣ ብቻ ጐደለ የተባለ እንደ ሆነ፣ አይቀመጥ፤ በደረሰው ይማር።

3ኛ. በሁለቱም ወገን ቢሆን ዕድልን ለመመዘን የሚጠፋው ጊዜ ከሒሳብ ጥናት እንዳይበልጥ ታዟል፤ «ቢያንስ» የሚለውም ድምር ከ«ቢበዛ» በታች እንዲሆን ይስተካከል።

ወጪና ኪሳራ ግራ ቀኙ ይቻቻሉ። መዝገቡ ተዘግቷል፤ ወደ መዝገብ ቤት ይመለስ።